ለለቅሶ የማይቀሩ ሰዎች

ለሞት ሲሆን እኛን የሚያክል የለም። ይህን የምለው ኮርቼ እንዳይመስላችሁ፤ አንጀቴ እያረረ ነው። ሜልቦርን ውስጥ አንድ ሐበሻ ይሙት ብቻ! ገና ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ ስልኩ ሁሉ ይንጫጫል። ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ሺፍት ላይ ያለው አለቃውን ለምኖ ይወጣል፣ ነርሷ ሺፍቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ ትመጣለች፣ ዋይንድሃም ቬል ካለው የእድራችን ሰብሳቢ ጋራዥ ነጫጮቹ የላስቲክ ወንበሮች በቫን ተጭነው ይደርሳሉ። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቱ ይሞላል። የተጣላ እንኳ ይመጣል፤ ጥግ ይዞ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል እንጂ አይቀርም።

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ እንዲሁ ነበር። የምኖረው አስኮት ቬል፣ የመንግሥት ቤቶቹ ግቢ ውስጥ ፎቅ ላይ ነው። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ሰዉ ከሳሎን ተርፎ ኮሪደሩን ሞላ፣ ከኮሪደሩ ተርፎ ሊፍቱ ድረስ ቆመ። ያኔ ነው ፊት ለፊቴ ያለው በር የተከፈተው። ከዚህች ጎረቤቴ ጋር እስከዚያ ቀን ከ«ሃሎ» ያለፈ ነገር አልነበረንም። የሌላ አገር ሰው ናት፣ ቋንቋዋም ሃይማኖቷም ከእኔ የተለየ። ብቅ አለችና ግራ ቀኝ አየች፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችና ሽማግሌዎቹን በእጇ እየጠራች ሶፋዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሦስቱን ቀን ሙሉ የሐዘኔ ግማሽ እሷ ቤት ተቀመጠ። ሻይ አፈላች፣ ሰሃን አጠበች፣ የሰዉን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ደረደረች።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ እህቴ ሆነች። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሷ ስብርብር ያለ፣ የእኔ ደግሞ ከዚያም የባሰ። ግን እንግባባለን።

አገሯ ጦርነት ላይ ነው። የአገሩን ስም አልጠራም። ከጠራሁት ወዲያው «እነሱም እኮ እንዲህ አድርገዋል» የሚል ይነሳል፣ እኔ ደግሞ ንዴት ላይ ለራሴም አልመችም። ይህን ብቻ ልንገራችሁ፤ እዚያ አንዲት ታናሽ እህት አለቻት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች የያዘች። ያቺ እህት ጠዋት ጠዋት በስልክ ድምፅ ትልክላታለች። ጎረቤቴ በሯን ከፍታ ቁርስ እየሠራች ስታደምጥ እኔም ከወጥ ቤቴ እሰማለሁ። መጀመሪያ እናትየዋ፣ ቀጥሎ ልጆቹ እየተሻሙ። አንዲት ቃል አይገባኝም። ድምፁ ከተሰማ ግን አሉ ማለት ነው፤ እኔም «ተመስገን» ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ።

አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የእኛ ፓርላማ፣ እዚህ አውስትራሊያ ያለው፣ ለዚያ ጦርነት ገንዘብና መሣሪያ ሊጨምር ድምፅ ሊሰጥ ነው። የሚጨመረውም በእህቷ ቤት ላይ አውሮፕላን ለሚልከው ወገን ነው። እሷ ዜናውን እንደሰማች እኔን እንኳ ሳትነግረኝ ብቻዋን ወደ አካባቢያችን የፓርላማ አባል ቢሮ ሄዳ ነበር። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ውሃ ሰጥታ አስቀምጣ እውነቱን ነገረቻት። የፓርላማ አባሏ የምትሰማው የመረጧትን ሰዎች ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ የሚደውልም የሚመጣም መራጭ የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤቴ ገና ሲትዝን አልሆነችም፤ አትመርጥም። የእሷ እንባ አይቆጠርም ማለት ነው።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ እጄን ያዘችና «ባልሽ የሞተ ጊዜ የመጡት ሰዎች፣ እነሱን አምጪልኝ» አለችኝ።

በሞትኩት! ይህችን ቃል መቼም አልረሳት። ያን ሁሉ ሕዝብ በዓይኗ አይታለች። ሶፋዋ ላይ አስቀምጣዋለች። በእሷ ግምት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሥራውን ጥሎ የሚሮጥ ሠራዊት ያለኝ ሴት ነኝ።

«ሁሉም ሲትዝን ናቸው?» አለችኝ።

«ሁሉም!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሐሰትም አልነበረም። ፓስፖርቱን ያላወጣ ማን አለ? አገር ቤት ደርሶ ለመምጣት ከሆነ ማንም አልቀረም።

ደግሞ የእሷ ነገር ብቻ አይደለም የቆሰቆሰኝ። እኔ ራሴ ቦምብ ከሰማይ ሲወርድ ያየሁ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ በከተማችን ገበያ ላይ ወርዷል፤ እናቴ እኔን ይዛ ከቦይ ውስጥ ገባች፣ ወንድሜን ለመያዝ ግን ሁለተኛ እጇ ዘንቢል ይዞ ነበር። ያ ቦምብ አገራችን አልተሠራም። እዚያ ሩቅ አገር፣ ሥራውን ውሎ ቤቱ ገብቶ እራቱን የሚበላ አንድ ሰውዬ በከፈለው ግብር የተሠራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን የማላውቀውን ሰውዬ ስረግመው ኖሬያለሁ። ምነው አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥቶ «በእኔ ገንዘብ አይሆንም» ቢል? እያልኩ። እነሆ በስተርጅና ያ ሰውዬ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ተናገርኩ። አፌ መቼም አይታማም። የፓርላማውን ነገር፣ የእህትየዋን፣ የልጆቹን ድምፅ ሁሉ ነገርኳቸው። «ምንም አታደርጉም፤ የፓርላማ አባሏ ቢሮ ድረስ አብራችሁኝ ትመጡና ትቆማላችሁ። ንግግሩን እኔ እችለዋለሁ» አልኳቸው። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ።

የእድራችን ሰብሳቢ ጠጋ አለና «እትዬ፣ እድሩ ፖለቲካ ውስጥ አይገባም» አለኝ።

«ምኑ ነው ፖለቲካው? ሴትዮዋን ታውቃታለህ። ሶፋዋ ላይ ተቀምጠህ ሻይዋን ጠጥተሃል።»

ራሱን አከከ። በአገር ቤት ጦርነት ጊዜ እድሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ ምን እንደቀረው አስታወሰኝ። እውነቱን ነው፤ ያኔ አብሮ አደግ ከአብሮ አደጉ ጋር ሰላምታ ተነፋፍጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦርነት የሚል ቃል ሲነሳ ሰዉ ሁሉ ጫማውን ይመለከታል። አንዷ ደግሞ «ኧረ ስማችንን ይጽፉታል፣ ይህንን የመንግሥት ቤት ቢነጥቁንስ?» አለች። ሳቅሁባት እንጂ ፍርሃቷ ገብቶኛል፤ ከመንግሥት ሸሽቶ የመጣ ሰው የትም አገር ቢሄድ መንግሥት መንግሥት ነው። ሌላዋ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብላ ተረተችብኝ።

«እህልስ በየት በኩል ይገባል?» አልኳት። አዳራሹ ሳቀ።

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣ ጴንጤ ናት፣ ላቨርተን ኖርዝ ካርቶን አብረን ስናሽግ ኖረናል፣ ደወልኩላትና «በጸሎት እናስበዋለን» አለችኝ። «አስቢው እህቴ፣ ጸሎቱን ስትጨርሺ ግን ነይ» አልኳት። ልጄ ደግሞ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ እኔ በአማርኛ ስቆጣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመክረኛለች። ምንም እንደማይለወጥ፣ ራሴን እንዳላደክም ነገረችኝ። ከዚያ ግን እሷም «ኦኬ ማሚ» አለች።

ሁሉም እሺ አሉ። ይኸውላችሁ ጉዱ። ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ አንድም ሰው እምቢ አላለኝም። «እሺ እትዬ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ እንመጣለን።» ሰብሳቢያችንም «በቫን አመጣቸዋለሁ» አለ። እኔም አመንኩ! ይህን ያህል ዘመን ከሐበሻ ጋር ኖሬ፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት እንዳልፈጠረብን እያወቅሁ! ለይሉኝታ የተባለ እሺ ምን እንደሆነ ካላወቅሁ እኔስ ሐበሻ ነኝ ወይ? ደስታ ግን ያሞኛል። ቀጠሮውን ቡክ ሳደርግ ሠራተኛዋ ስንት እንደሆንን ጠየቀችኝ። «ብዙ ነን፣ ወንበር አዘጋጂ» አልኳት።

ቢሮው ከዳቦ ቤት አጠገብ ነው። ቀኑ የሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ። ጎረቤቴ የክት ካፖርቷን ለብሳ፣ በትሪ ሙሉ የአገሯን ጣፋጭ ጋግራ ይዛ ወጣች። ለሚመጡት ሰዎች ነው። ከእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸው የደከመ። ሙሉ ልብስ በከረባት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁን ነበር። ሦስታችን በትራም ሄድን። የቀረው በየመኪናው ይመጣል ብለናል።

ገባን። እግዜር ይስጣቸው፣ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ወደ ግድግዳው ገፍተው ወንበር በረድፍ በረድፍ ደርድረዋል። ለሰርግ እንጂ ለስብሰባ አይመስልም። ውሃ በጆግ፣ ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ። ጎረቤቴ ወንበሮቹን ስታይ ፊቷ በራ። እኛ ሦስታችን የመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ ቆምንና መጠበቅ ጀመርን።

በሩ በተከፈተ ቁጥር ዘወር ትላለች። ፖስተኛው ገባ። አንዲት ሴትዮ ስለ መንገድ መብራት ልትጠይቅ ገባች። እኔ ስልኬን አነሳሁ። አንዱ «ሺፍት ተደወለልኝ» አለ። ሌላዋ «የልጄ ትምህርት ቤት ስብሰባ ጠርተውኝ» አለች። ልጄ አላነሳችም። ሰብሳቢያችን «እትዬ፣ ቫኑ ሰርቪስ ገብቶብኝ» አለኝ። ያ ቫን ለለቅሶ አንድ ቀን ሰርቪስ ገብቶ ያውቃል? ደሜ ፈላ፤ ግን ከሰው ቢሮ ውስጥ ምን ብዬ ልጩህ?

«መንገድ ተዘጋግቶባቸው ይሆናል» አለችኝ ጎረቤቴ፣ ትሪዋን ታቅፋ። እኔን ማጽናናቷ እኮ ነው! ውሃ ሆንኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የፓርላማ አባሏ ወጣች። ወጣት ናት፣ የልጄ እኩያ። ጨበጠችንና ተቀመጡ አለች። ጋሼ አልተቀመጡም። «ሽማግሌ ተልኮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ንገሪልኝ» አሉኝ። ነገርኳት። ግራ ገባት፤ እሷም ቆመች። ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ትክ ብለው እያዩዋት «ልጄ፣ የመጣነው ልንለምንሽ ነው። ገንዘቡ የእኛም ነው። ለሞት አትስጪብን» አሉ። እንደ አቅሜ ተረጎምኩት። ጎረቤቴ የጠዋቱን ድምፅ ከፈተችላት፤ ልጆቹ እየተሻሙ የሚያወሩትን።

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልዋሽባት አልችልም። «ሰምቻችኋለሁ» አለች። ከዚያም የሠራተኛዋን ቃል ደገመችው፤ ለፓርቲዬ ስነግራቸው «ስንት መራጭ ጠየቀሽ?» ነው የሚሉኝ፣ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው አልመጣም አለች። ይህን ስትል ዓይኗ ሳታስበው ወደ ወንበሮቹ ሄደ። የእኛም ተከተላት።

ጋሼ እንደቆሙ ወጡ። ትራም ላይ አንድ ልጅ ተነስቶ ቦታ ቢለቅላቸው እንኳ አልቀመጥም አሉ። «ጋሼ፣ እባክዎ ጉልበትዎ» ብላቸው «ምን መልስ አገኘሁ ብዬ?» አሉኝ። ጣፋጩ እንደተሸፈነ ወደ ቤት ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ያላልኳቸው የለም። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሰላም ሲሉኝ ጊዜ ብሶብኝ «እግራችሁ ለሬሳ ብቻ ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። ይቅርታ አሉ። ትከሻዬን ሳሙ። ድምፁ ሳይሰጥ ገና ጊዜ አለ፣ እሺ ቢሮ መምጣቱ ይቅር፣ በየስልካችሁ ደውሉ፣ «አይሆንም» በሉና ዝጉ፣ ምን ይከብዳል? አልኩ። «እሺ እትዬ» አሉ። እሺ!

ድምፁ ተሰጠ። አለፈ። ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን አየነው፣ እኔና እሷ ጎን ለጎን ተቀምጠን። ስለ ሌላ ነገር ከሚወራው መሐል ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ከዚያ ወደ ፉትቦል ሄዱ። ጎረቤቴ ተነስታ አጠፋችውና ታጥቦ የደረቀውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች። እኔም ፎጣ አንስቼ አብሬያት ማድረቅ ጀመርኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ጠዋት የእህቷ ድምፅ አልመጣም። ኔትዎርክ ነው ተባባልን። በማግስቱም አልመጣም። ሻዬን ይዤ ወጥ ቤት ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ፤ የእሷ ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰማው። በሦስተኛው ቀን ከአገሯ ዘመድ ደወለ። ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግሯ ወጥታ ስትጮህ ደረስኩ። ያ ጩኸት አስተርጓሚ አይፈልግም። ቤቱ ከነሰዎቹ ሄዷል፤ እህቷም፣ ሁለቱም ልጆች።

ያ ቦምብ በእኛ ገንዘብ ይገዛ አይገዛ አላውቅም። ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ግን ያ ሰውዬም፣ ግብሩ ወንድሜን የገደለብኝ፣ ቢጠየቅ እንዲሁ ነበር የሚለው።

እኔ ለማንም አልነገርኩም። ማንን ልጥራ? ጩኸቱን ሰምተው የወጡት ጋሼ ናቸው ለሰብሳቢያችን የደወሉት። ከዚያማ ምኑ ይወራል! እኩለ ቀን ሳይሞላ ሊፍቱ እየወጣ እየወረደ ሰው ያፈስ ጀመር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጥቁር ለብሰው። ሺፍት የነበረበት መጣ። የትምህርት ቤት ስብሰባ የነበረባት መጣች። ጴንጤዋ ጓደኛዬ መጣች፣ ልጄ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ስማችን ይጻፋል ያለችው ሴትዮ ትልቅ ድስት ተሸክማ መጣች፤ ሥጋው እንዳያስቸግር፣ ሃይማኖቷን አስበው፣ ምስርና ሽሮ ብቻ ነው የሠሩት። ቫኑም፣ ሰርቪሱን የጨረሰው ቫን፣ ወንበሩን ጭኖ ደረሰ።

ለማስመሰል አልነበረም። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከአንጀታቸው ነው ያለቀሱት። አይተዋት የማያውቋትን እህት «እህቴ፣ እህቴ» እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ። የየራሳቸውንም ሙታን እያነሱ። ጎረቤቴን አንድ በአንድ እያቀፉ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት፣ በማታውቀው ቋንቋ። ቤቷ ሞልቶ የእኔ ቤት ሞላ፣ ሁለቱም በር ተከፈተ፣ ኮሪደሩ እስከ ሊፍቱ ድረስ ሰው ብቻ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ አፌ ላይ ደረሰና መልሼ ዋጥኩት። ለቅሶ ቤት ነው።

እሷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ከጎኗ። አታለቅስም ነበር፤ ያለቀባት ይመስለኛል። ቀና ብላ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ፣ ከዚያ በበሩ አሳልፋ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሰዉን ተመለከተችው።

«መጡ» አለችኝ።

«መጡ» አልኳት።

«ሁሉም ሲትዝን ናቸው?»

ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ። የለበትም። እንደዚያ ቀን እጄን ይዛ እንደጠየቀችኝ ነው የጠየቀችኝ።

«ሁሉም» አልኳት። ደረቴ ግን አልተነፋም።

ይህን ጊዜ ሰብሳቢያችን በሰው መሐል እየተሽለኮለከ መጣና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል፣ ላብ አጥምቆታል።

«እትዬ፣ ወንበር አነሰን» አለኝ። «ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከየት ላምጣ?»

«ከዚያች ከፓርላማ አባሏ ቢሮ አምጣ» አልኩት። «ለእናንተ ብለው ደርድረውት፣ ማንም ሳይቀመጥበት ቀርቷል።»